የክፍላችን ድግስ ጾም ላይ ዋለ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ከደሴና ከኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚደርሱን ደብዳቤዎች በብዛት የሚያነሱት የክፍል በዓልን ነው፤ መዋጮ፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ቡና። ለዚህ የጳጉሜን እትም የመረጥናቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የ11ኛ ክፍል አለቃ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን በክፍላችን ስም ዶሮ ወጥና ክትፎ አቅርበን ግማሹ ተማሪ ሳይቀምስ ቀረ። በ2019 ዓ.ም. የምናከብራቸውን ቀናት ከወዲሁ መወሰን እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከምግቡ በፊት ቀን መቁጠሪያው ይቅደም። ኅዳር 29 የትኛውም ዓመት ላይ ቢውል ጾም ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ስለዚህ የባህል ምግብ ትርኢት በዚያ ቀን የሚያዘጋጅ ክፍል ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከተልባ፣ ከቆሎና ከጭኮ ዘር ይምረጥ፤ ጭኮውም በዘይት ይሁን እንጂ ቅቤ አይግባበት። ዶሮው ቆንጆ ሆኖ ተሠርቶ እንደነበር አንጠራጠርም፤ ቀኑ ግን አልፈቀደለትም።

አሁን አንድ ሰፊ ወረቀት ውሰዱና የሚመጣውን ዓመት እንዲህ ጻፉ። እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላል። ረቡዕና ዓርብ ሲውሉ ጾምን የሚሽሩት ገናና ጥምቀት ናቸው፤ እንቁጣጣሽ አይሽርም፤ ስለዚህ ክርስቲያን ቤት ሁሉ ዶሮው ለቅዳሜ ያድራል። መስቀል እሑድ ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሐሙስ ይውላል፤ ያን ሳምንት ደሴ መንገዱ ሁሉ ተሳላሚ ነው፣ ከክፍላችሁም ጥቂት የማይባሉት ወደ አምባሰል ይወጣሉ። የእንኳን በደህና መጣችሁ ዝግጅት ካላችሁ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ አድርጉት።

ገና ሐሙስ ነው። ብዙ ክፍል የሚሳሳተው የገናን ዝግጅት ትምህርት ከመዘጋቱ አንድ ቀን በፊት ማድረጉ ላይ ነው፤ ያ ቀን ገና ጾሙ አልተፈታም። ከገና ማግስት ደግሞ ዓርብ ነው። ስለዚህ ጥር 3 ሰኞን ወይም ጥር 6 ሐሙስን ያዙ። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ስለሚደርስ ማንም ድግስ ልብ አይለውም።

ከባዱ ክፍል የሚመጣው ከየካቲት ጀምሮ ነው። ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይገባል። ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ሰኞ ይገባል። ዒድ አልፈጥር ጨረቃዋ ካልዘገየች በየካቲት 30 ወይም በመጋቢት 1 ገደማ ነው፤ ማለት አንደኛው ጾመኛ ሲፈታ ሌላኛው ይጀምራል። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ከየካቲት መባቻ እስከዚያ ድረስ ክፍሉ በሙሉ በቀን ተሰብስቦ ቅቤ ያለበት ነገር የሚቀምስበት አንድም ቀን አታገኙም። አትሟገቱት፣ ዝለሉት።

የዓመቱ ሰፊ ሜዳ ግንቦት ነው። ከፋሲካ እስከ ሰኔ 13 ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ አረፋም ግንቦት 8 ወይም 9 ገደማ ይውላል። ፋሲካንና አረፋን አንድ ላይ የሚያከብር ክፍል በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ከአረፋ በኋላ ያለውን ሐሙስ ይያዝ። መውሊድ በክረምቱ ዕረፍት ላይ ስለሚውል በትምህርት ቤት ሰሌዳችሁ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ 50 ተማሪዎች ነን፤ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መልኩ ሙስሊምና ክርስቲያን ነን። በግንቦት አንድ በግ ገዝተን ልናርድ አስበን ነበር፤ መምህራችን «ተዉት» አሉን። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ መምህራችሁ ልክ ናቸው፤ ግን መተው የለባችሁም። አንድ ትልቅ በግ በምትገዙበት ገንዘብ ሁለት መካከለኛ በግ ፈልጉ። አንዱን ሙስሊም ይረድ፣ አንዱን ክርስቲያን። በወሎ ሠርግም ለቅሶም ላይ ለሌላው ጎረቤት ለየብቻ ማረድ የቆየ ልማድ ስለሆነ ቤተሰቦቻችሁ ያውቁበታል፤ ሁለት እናቶችን ብቻ ጠይቁ፣ ቀሪውን እነሱ ይመሩታል።

መጠኑን በተመለከተ፦ 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን በግ ታርዶ ተገፎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል። ለ25 ሰው ወጥ ተሠርቶ ይበቃል። ለጥብስ ካላችሁ ግን አይበቃም፤ ጥብስ ሲጠበስ ይሟሽሻል፣ ተማሪም ጥብስ ሲያይ እጁ ይረዝማል።

ሥራውን የሚያቀል አንድ ዘዴ አለ። ቁሌቱን በጋራ ሥሩት። ለሁለቱ በግ የሚበቃ 10 ኪሎ ሽንኩርት ደቃቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ፣ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት ያለ ዘይት አቁላሉት፤ ውሃውን ሲጨርስ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከበሰለ በኋላ ለሁለት ድስት ክፈሉት፤ ሥጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ንጥር ቅቤውና እንጀራው ለሁሉም አንድ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ጭልፋና ትሪ ሁለት ሁለት ይሁን።

ነገር የሚበላሸው ሁልጊዜ ጭልፋ ላይ ነው። አንዱ ወጥ ሊያማስል ይነሳና ያገኘውን ጭልፋ ያነሳል፤ የተነካካውን ድስት ደግሞ ግማሹ ክፍል አይበላም፣ ልክም ነው። የአንዱን ድስት ዕቃ ሁሉ እጀታው ላይ ቀይ ክር እሰሩበት፣ ሁለቱን ምድጃም ቢያንስ አሥር እርምጃ አራርቁ። ለእያንዳንዱ ድስት አንድ ሰው ብቻ ይመደብ፤ ሌላው ሁሉ «ልቅመስ» እያለ ሲመጣ የሚመልስ ኮስተር ያለ ሰው ይሁን። ስትበሉ ትሪው ይለያል እንጂ መቀመጫው አይለይም፤ ሁለቱን ትሪ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ክቡ።

ጥያቄ፦ ሁሉም የሚበላው አንድ ነገር ቢኖር ብለን ድፎ ዳቦ መረጥን። ባለፈው ጊዜ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ለ50 ሰው ምን ያህል ዱቄት ይበቃል? የሚጠጣውስ?

መልስ፦ ለ50 ሰው 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት። ከዚያ ሰባት ኪሎ ተኩል ያህል ዳቦ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው 150 ግራም ይደርሰዋል። ለ5 ኪሎው ለብ ያለ 3 ሊትር ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ያልተከመረ 5 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 3 ማንኪያ የተወቀጠ ድንብላልና አንድ ብርጭቆ ዘይት ያስፈልጋል። ወተትና ቅቤ አታስገቡ፤ ያኔ ጾም ቢሆንም ባይሆንም ሁሉም ይበላዋል።

መሐሉ ሊጥ የሆነባችሁ አምስቱንም ኪሎ በአንድ ምጣድ ስለጋገራችሁት ይመስለናል። ሁለት ድፎ አድርጉት፤ ለአንዱ ከ2 ኪሎ ተኩል ዱቄት አይብለጥ። ሊጡ ኩፍ የሚልበት ጊዜም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፤ ሰዓት ተኩል ላይ ሊጡ ደርሶ ይጠብቃችኋል፣ ከቆየ ይኮመጥጣል፣ ምጣድ ላይም ይጠፋል። ደሴ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ሦስት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል፤ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። ሰዓት ከመቁጠር በጣት መፈተኑ ይሻላል፦ በጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ በዝግታ ከተመለሰ ደርሷል፤ ቶሎ ከተመለሰ ገና ነው፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፣ ወዲያው ወደ ምጣድ።

ኮባውን እሳት ላይ አሳልፉት። ትኩስ ኮባ ያለ እሳት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሊጡም በስንጥቁ ይወርድና ምጣዱ ላይ ይይዛል። ቅጠሉን እያደራረባችሁ ካነጠፋችሁ በኋላ ሊጡን አፍስሳችሁ በላዩም ቅጠል አልብሱት፣ አክንባሎውን ድፉበት። እሳቱ መጠነኛ ይሁን፤ በችኮላ የተጨመረ እሳት ታችኛውን ገጽ ያሳርራል እንጂ መሐሉን አያበስልም። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ላይ ላዩ ሲጠብቅ ገልብጡት፣ ከዚያ ሌላ 25 ደቂቃ። በቀጭን ቢላዋ መሐሉን ወግታችሁ ስታወጡት ቢላዋው ንጹሕ መሆን አለበት። ሌላው ስሕተት በትኩሱ መቁረጥ ነው፤ የበሰለውም ዳቦ በትኩሱ ሲቆረጥ ሊጥ ሊጥ ይላል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሁለት ሰዓት አሳርፉት። ቆራሹ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ወይም መምህርት ይሁኑ፤ ምርቃቱን ለእሳቸው ተዉት፤ አሜንም አሚንም እዚያው ይባላል።

ለመጠጥ ቀሪቦ እንመርጣለን። ለ50 ብርጭቆ 2 ኪሎ ገብስ ጠቆር እስኪል ቁሉት፣ በ12 ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት አፍሉት፣ አጥልሉት። ለብ ሲል አንድ ኪሎ ተኩል ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምራችሁ አሳድሩት። በጠርሙስ ሞልታችሁ ክዳኑን ካጠበቃችሁት ሌሊቱን ይፈነዳል፤ በእንስራ ወይም በጀሪካን ይሁን፣ ክዳኑም ይላላ። ዋዜማ ማታ እንጂ ከዚያ ቀድማችሁ አትጥመቁት፦ እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይወስደዋል፣ ያኔ ሙስሊም ጓደኞቻችሁ «ይሄማ ጠላ ነው» ብለው ቢተዉት አይፈረድባቸውም። የሚጠራጠር ሰው ካለ ከመጀመሪያው እርሾውን ተዉት፤ ወይም ያልተጣለ የማር ብርዝ አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ኮምቦልቻ። የቅርብ ጓደኛዬ ለዒድ ቤታቸው ጠርታኛለች፤ በሚመጣው ዓመት ግን ዒድ ዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ ይውላል አሉ። ሄጄ ሳልበላ ብመለስ እናቷ ቅር አይላቸውም ወይ?

መልስ፦ ቅር የሚላቸው ካልሄድሽ ነው። ጾም እንደሆንሽ ግን ሳምንት ቀደም ብለሽ ለጓደኛሽ ንገሪያት፤ ወሎ ውስጥ ሙስሊም እናት ለጾመኛ እንግዳ ሽሮ ወይም ምስር ለብቻ ማሰናዳት አዲስ ነገር አይሆንባትም፤ የሚያስቸግራት ማዕዱ ቀርቦ «ጾም ነኝ» ስትያት ነው። ጠዋት የዒድ ሶላት ስላለ ከ5 ሰዓት በፊት አትድረሺ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፦ ስኳር፣ ቡና ወይም ሙዝና ብርቱካን ይበቃል፤ ከቤት የተሠራ ነገር መውሰድ ከፈለግሽ ቆሎ ውሰጂ። ለፋሲካ ስትጠሪያት ደግሞ ዶሮዋን ሙስሊም ጎረቤት እንዲያርድላት ለእናትሽ አስታውሺያቸው፣ ድስቱም ለብቻ።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የዓድዋን በዓል በየዓመቱ በዚያው ሽለላና በዚያው ግጥም ያከብሩታል፤ ታዳሚው ያዛጋል። ከዚህ አካባቢ ጋር የሚያያዝ ነገር ልትጠቁሙኝ ትችላላችሁ?

መልስ፦ መምህር፣ የዓድዋ ነገር የተጀመረው እርስዎ በሚያስተምሩበት አካባቢ ነው፤ ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ አብዛኞቹ ይገረማሉ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው አምባሰል ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። የክተቱ አዋጅ የሸዋን ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ከተህ ላግኝህ ያለው ወረኢሉ ላይ ነው፤ ያውም ደቡብ ወሎ ነው። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ራስ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፣ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘምተዋል።

ከዚህ ውስጥ ለመድረክ የሚመቸው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው። ሁለት ተማሪዎች በሁለት ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ አንዱ አማርኛውን ያንብብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚለውን፤ ሌላው ግዴታ የሚያደርገውን የጣሊያንኛውን ትርጉም። ሦስተኛ ተማሪ መሐል ቆሞ ሁለቱን ወረቀት እያመሳከረ ልዩነቱን ያግኝ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጦርና ጋሻ አያስፈልገውም። ለጥያቄና መልስ ውድድር ደግሞ ይህን ይጨምሩበት፦ ድሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ተጽፎ ሳለ ለምን ዛሬ ማርች 2 ላይ እናከብራለን? የካቲት 23 አልተንቀሳቀሰም፤ የእነሱ አቆጣጠር በ1900 የካቲታቸውን 29 ሳያደርግ ስላለፈ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ።

በ2019 ዓ.ም. 131ኛው ዓመት ማክሰኞ፣ ረመዳን ውስጥ ይውላል። በዓሉ ቀን ትምህርት ስለሌለ የትምህርት ቤቱን ዝግጅት ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ላይ ያድርጉት፤ ጾመኛ ተማሪ ጠዋት ገና ጉልበት አለው። ከ50 ደቂቃ አይብለጥ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጡ፣ የሻይ ፕሮግራሙን ይሰርዙት። ለሽለላና ለፉከራ በፈቃዱ የሚወጣ ብቻ ይውጣ፤ ደረቅ ጉሮሮ ለፉከራ አይሆንም። ከቤት ጦር የሚያመጣ ተማሪ ካለ ጫፉን በካርቶንና በጨርቅ ይጠቅልሉት ወይም በሸንበቆ ይተኩት፤ በፉከራ መሐል ወደ ፊት ሲወረወር የሚያየው ፊቱን እንጂ ከኋላው የቆመውን አይደለም።

ጥያቄ፦ በገና ዝግጅታችን ላይ ክፍል ውስጥ ቡና ስናፈላ ሁለት ልጆች ራሳቸውን አዞራቸው፤ አንዷ ወደቀች። ሰው «ቡዳ ነው» አለ፤ ሌላው «እጣኑ ነው» አለ።

መልስ፦ ከሰሉ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። ደሴ ብርድ ስለሆነ መስኮት ይዘጋል፣ 50 ሰው ይታጨቃል፣ ሁለት ሦስት ምድጃ ይጣዳል፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሲጀምር ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት፣ ካልተሻለው ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሽንኩርት ወይም ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም።

ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፣ ቡናውንም በረንዳ ላይ አፍሉት፤ ቄጠማውንና ረከቦቱን እዚያው አውጡት። አንድ መካከለኛ ጀበና አሥር አሥራ ሁለት ስኒ ስለሚወጣው ለ50 ሰው አቦል ብቻ አምስት ጀበና ያስፈልጋል፤ ቶናና በረካ እንዲደርስ የሚፈልግ ክፍል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይመድብ። እኛ ብንሆን አቦል ላይ እናቆማለን።

ጥያቄ፦ ከገጠር መጥቼ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ለእያንዳንዱ በዓል መዋጮ ይጠይቁኛል፤ በዓሉን ግን ቤተሰቦቼ ጋ ነው የማሳልፈው። አልከፍልም ብል ያስቀይማል?

መልስ፦ ጥፋቱ መዋጮውን ያለ ዝርዝር የሰበሰበው ኮሚቴ ነው። መጀመሪያ የሚበላው ይወሰናል፣ ቀጥሎ ዋጋው ይጠየቃል፣ ከዚያ ለሰው ይካፈላል። ዋጋውን በዓሉ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ገበያ ወርደው ቢጠይቁ ጥሩ ነው፤ በዓል ሳምንት ውስጥ እንቁላል፣ ሽንኩርትና ቅቤ ይወደዳል፣ በዚያ ሳምንት ዋጋ የተሠራ መዋጮ ሁሉንም ያስመርራል። ሰብሳቢው አንድ፣ ገዢው ሌላ፣ መዝጋቢው ሦስተኛ ሰው ይሁኑ፣ የወጪው ዝርዝርም በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አንተ ደግሞ በዓይነት አዋጣ። ከገና በፊት ቤት ደርሰህ ስትመለስ ሁለት ኪሎ ገብስ ወይም ሽምብራ ብታመጣ ለቀሪቦውና ለቆሎው ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ ከሚገዛው ይልቅ የተሻለ እህል ይሆናል፣ ለኮሚቴውም ወጪ ይቀንስለታል። የገናው ዝግጅት ከላይ እንዳልነው ጥር 3 ከሆነ አንተም ተመልሰህ ትደርሳለህ። ገና ሐሙስ ስለሆነ ዓርብን ጨምሮ መቅረት ያጓጓል፤ በፈተና ዋዜማ የሚቀር ክለሳ ግን ከማንም ደብተር ተገልብጦ አይሞላም። ረቡዕ ለመሄድ ከሆነ መናኸሪያ ማለዳ ድረስ፤ ከሰዓት በኋላ በዋዜማ ወንበር አይገኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። በመጨረሻው ቀን ዩኒፎርማቸውን በማርከርና በቀለም ሊያጨማልቁ ነው፤ ልከልክላት?

መልስ፦ እናት፣ አይከልክሏት፤ ዩኒፎርሙን ግን ያስቀሩባት። ማርከር ከጨርቅ አይለቅም፤ ዩኒፎርሙ ደግሞ ለታናሽ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይሆናል። ርካሽ ነጭ ቲሸርት ገዝተው ይስጧት፣ ፊርማው እዚያ ላይ ይሁን። የዱቄት ቀለም የሚበትኑ ከሆነ ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚሸጠውን እንዳይጠቀሙ ይንገሯት፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ከቆዳም ለቀናት አይለቅም። የበቆሎ ዱቄት ከምግብ ቀለም ጋር ተለውሶ ደርቆ ሲወቀጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል።